ጎንበስ ብሎ ማንበብ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሚላኖና ከቦሎኛ በባቡር ተሳፍራችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የተሰበሰብነው የንባብ ማኅበራችን የዳንቴ አሊጊዬሪን «መለኮታዊ ኮሜዲ» ከአንደኛው ካንቶ፣ ማለትም ከአንደኛው የግጥሙ ምዕራፍ፣ እስከ መቶኛው አንብቦ የፈጸመበትን ቀን ለማሰብ ነው። እንዲህ ባለው ቀን አንድ ሰው መናገር አለበት ተባለ፤ ዕጣውም በእኔ ላይ ወደቀ። አዘጋጆቹ «መጽሐፉ ለመንፈሳዊ ሕይወታችን ያስገኘው ጥቅም» በሚል ርዕስ እንድናገር ጠይቀውኝ ስለነበር በዚያው ርዕስ ስድስት ገጽ ጻፍሁ። ትናንት ማታ ሳነበው ግን ሁላችንንም የሚያመሰግን፣ ማንንም የማይነካ ጽሑፍ ሆኖ አገኘሁት፤ ስለዚህ እርሱን ትቼ ሌላ ይዤ መጥቻለሁ። አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝ።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ እንግዶች ጥቂት ልበል። ዳንቴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1265 በፍሎረንስ ተወለደ። በ1302 የፖለቲካ ተቃዋሚዎቹ ሥልጣን ይዘው ከከተማው አባረሩት፤ ቢያዝም በእሳት ተቃጥሎ እንዲሞት ፈረዱበት፤ አገሩን ዳግመኛ ሳያያት በ1321 በራቬና አረፈ። ግጥሙ 14,233 ስንኝ አለው። በ1300 የፋሲካ ሰሞን በጨለማ ጫካ መንገድ የጠፋበት ሰው፣ በሮማዊው ባለቅኔ በቪርጂሊዮ መሪነት ወደ ሲኦል ይወርዳል፤ በትንሣኤ ማለዳ ከመንጻት ተራራ ግርጌ ብቅ ይላል፤ ሰባቱን እርከኖች ከወጣ በኋላ ባፈቀራት በቤያትሪቼ መሪነት ወደ ገነት ያርጋል። ይህን ሁሉ በላቲን መጻፍ ሲችል ሕዝቡ በሚናገርበት ቋንቋ ጻፈው፤ በግእዝና በአማርኛ መካከል ያደግን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገንም።

እኔ ከዚህ መጽሐፍ ጋር የተዋወቅሁት በትምህርት ገበታ አይደለም። አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ሮም የመጣሁት ባዳንቴ፣ ማለትም የአረጋውያን አስታማሚ፣ ሆኜ ነው። የማስታምማቸው አሮጊት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፍሎረንስ ተወልደው ያደጉ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሕንፃው ሊፍት አልነበረውም። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ቀን ከታች ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዝቼ፣ ስድስት ጠርሙስ ውኃ ተሸክሜ፣ ደረጃውን በሁለት ዕረፍት ወጥቼ ቁርስ አቀረብሁላቸው። ሲኞራ አንድ ጊዜ ገመጡና ዳቦውን ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ነገር እንደ ዜማ አድርገው አወረዱት። የሰደቡኝ መሰለኝ። ጣልያንኛዬ ገና ከገበያ ያላለፈ ስለነበር ዝም ብዬ ቆምሁ። እሳቸው ግን ከራስጌያቸው ጀርባው የተላጠ መጽሐፍ አንሥተው ጣታቸውን ከስንኙ ላይ አሳረፉልኝ። ቦታው የገነት 17ኛ ካንቶ ነው፤ ከአያቶቹ አንዱ የሆነው ካቻጉይዳ ስደቱን አስቀድሞ ሲነግረው፣ የሰው እንጀራ ምን ያህል ጨው ጨው እንደሚል፣ የሰው ደረጃ መውጣትና መውረድም ምን ያህል ከባድ መንገድ እንደሆነ ትቀምሰዋለህ ይለዋል። ለካስ የፍሎረንስ ሰው ዳቦውን ያለ ጨው ነው የሚጋግረው! ሲኞራ ሮም ውስጥ ስልሳ ዓመት ኖረው የሮም ዳቦ ገና አልተዋጠላቸውም ነበር።

እኔ ግን ዳቦውን ትቼ ደረጃው ላይ ቀረሁ። ያን ደረጃ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እወጣው ስለነበር ስንኙን ከአእምሮዬ ቀድሞ ጉልበቴ ተረዳው። ይህ ሰው ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ስለ እኔ ጻፈ አልሁ። ስለ እኔ የጻፈ ስለመሰለኝም ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳስቼ አነበብሁት። ስደተኛ ነው፣ ተበድሏል፣ የበደሉትን በየስማቸው እየጠራ ሲኦል አስገብቷል፤ እኔም ስደተኛ ነኝ፣ ተበድያለሁ። ሰማያዊ ደብተር ገዛሁና ዘጠኙን የሲኦል ክቦች ሥዬ ሰዎቼን በየቦታቸው አስቀመጥኋቸው። ገንዘቤን በልቶ የጠፋውን ደላላ ከአታላዮቹ ጋር ደመርሁት፤ አደራዬን የካደችውን የአክስቴን ልጅ ከከዳተኞቹ ጋር በረዶ ውስጥ እስከ አንገቷ ቀበርኋት። የሲኦል የመጨረሻው ወለል እሳት ሳይሆን በረዶ መሆኑን የምታስታውሱት ይመስለኛል። ማታ ማታ ደብተሩን ገልጬ ሳየው እንቅልፌ ይጣፍጥ ነበር፤ መንፈሳዊ መጽሐፍ እያነበብሁ ነው ብዬም አምን ነበር።

አንድ ቀን ሲኞራ ደብተሩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አገኙትና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እያፈርሁ ተረጎምሁላቸው። ይገሥጹኛል ብዬ ስጠብቅ ከት ብለው ሳቁ፤ «እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ደብተር ነበረኝ፤ አማቴ አንደኛ ነበረች» አሉኝ። ከዚያም ፑርጋቶሪዮን፣ ማለትም የመንጻትን ተራራ፣ ከአሥረኛው ካንቶ ላይ ገልጠው «ከዚህ አንብቢልኝ» አሉ።

በመጀመሪያው እርከን የትዕቢተኞች ነፍሳት ትልልቅ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጉልበታቸው ደረታቸውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጎብጠው ይሄዳሉ። ዳንቴ ከሩቅ ሲያያቸው ሰው መሆናቸውን እንኳ አልለየም። ከእነርሱ አንዱ የጉቢዮው ኦደሪዚ ነው፤ በዘመኑ የብራና መጻሕፍትን በሥዕልና በሐረግ በማስጌጥ ስሙ የገነነ ባለሙያ። ዳንቴ ለይቶት ሊያወድሰው ሲጀምር፣ ኦደሪዚ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ፣ ወንድሜ፣ የቦሎኛው ፍራንኮ ያስጌጣቸው ገጾች ከእኔዎቹ ይልቅ ፈገግ ይላሉ፣ ክብሩ አሁን የእርሱ ነው ይለዋል። ቀጥሎም በሕይወት ሳለሁ ግን ይህን ያህል ቸር አልሆንም ነበር ብሎ ይጨምራል። ያ ሁሉ ድንጋይ ያስተማረው ይህችን ነው፤ የተፎካካሪን ስም በምስጋና መጥራት። ከእናንተ መካከል ልብስ የሚሰፋ፣ ምግብ ቤት ያለው፣ ግጥም የሚጽፍ፣ የሚሰብክም አለ፤ እስቲ ከጎናችሁ ያለውን የሙያ ባልደረባችሁን እያሰባችሁ የኦደሪዚን ቃል በልባችሁ ሞክሩት። እኔ ሞክሬው ጉሮሮዬ ላይ ቆሞብኛል።

ዳንቴም ይህን ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረበት። አቀርቅሮ ከኦደሪዚ ጎን፣ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ጥንድ በሬዎች፣ እኩል እየተራመደ ይሄዳል። ምሳሌው የራሱ የዳንቴ ነው፤ ሞፈርና ቀንበር ሲያይ ያደገ የአገራችን ሰው ግን ከማንም ቀድሞ የሚረዳው ይመስለኛል። ሲኦል ውስጥ የሌላውን ሥቃይ እያየ ያለፈው ሰው እዚህ ማንም ድንጋይ ሳይጭንበት ጎብጧል። ጥቂት ከፍ ብሎም የምቀኞቹ እርከን ላይ ሲደርስ፣ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ከታች ያለው ሥቃይ ነው፣ የዚያ ሸክም ከአሁኑ ይከብደኛል ብሎ ይናዘዛል።

ከትዕቢተኞቹ እርከን ሲወጣ የሚሆነው ነገር ከመቶው ካንቶ ሁሉ እጅግ የምወደው ነው። በተራራው በር ላይ መልአኩ በሰይፉ ጫፍ በግንባሩ ላይ ሰባት «ፒ» ፊደላት ጽፎበት ነበር፤ ፊደሏ በጣልያንኛ ኃጢአት ለሚለው ቃል መነሻ ናት። ደረጃውን ሲወጣ ሰውነቱ ቀለለውና ቪርጂሊዮን ምን ከባድ ነገር ተነሣልኝ ብሎ ጠየቀው። አንዲቱ ፊደል እንደተፋቀች ሲሰማ፣ ራሱ ላይ አንድ ነገር ተቀምጦበት ሳያውቀው ሲሄድ የሌሎች ጥቅሻ እንዳስጠረጠረው ሰው፣ የቀኝ እጁን ጣቶች ዘርግቶ ግንባሩን ዳሰሰ፤ ስድስት ብቻ አገኘ። ቪርጂሊዮም ይህን አይቶ ፈገግ አለ። የተፋቀችበትን ቅጽበት ራሱ አላወቃትም፤ ያወቀው እግሩ ሲቀልለው ነው። ሲኞራ እዚህ ቦታ ስንደርስ ሁልጊዜ የራሳቸውን ግንባር ይዳስሱ ነበር።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ። ሲኦልን ባነበብንበት ክረምት ለዚህ አዳራሽ ወንበር አልበቃውም ነበር። ከሻይ በኋላ የምንጫወታትን ጨዋታ አትረሷትም፤ እገሌ የትኛው ክብ ይገባል? ባለሥልጣን አልቀረን፣ ሰባኪ አልቀረን፣ የወዲያኛው ወገን አልቀረን፤ ከዚህ ማኅበር ተቀይሞ ለወጣ ወንድማችን እንኳ ቦታ ሰጥተን ሳቅን። ሌላውን ወገን ከነወላጆቹ በረዶ ውስጥ ለከተተ ሰው ሲጨበጨብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ካጨበጨቡት እጆች ሁለቱ የእኔ ነበሩ። ሲኦልን ሞልተን ለመጨረስ ሦስት ወር አልፈጀብንም! ወደ ተራራው ስንዞር ግን አርባ የነበርነው አሥራ አንድ ቀረን። «ታሪኩ ቀዘቀዘ» ተባለ። ታሪኩ መች ቀዘቀዘ? የምንፈርድበት ሰው ሲጠፋ የቀዘቀዝነው እኛ ነን። ድንጋይ የሚሸከም ሲፈለግ የሁሉም ሥራ በዛ፣ የሁሉም ልጅ ታመመ፣ አውቶቡሱ ሁሉንም አመለጠው!

ዳንቴስ ራሱ አላደረገውም ወይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አድርጎታል፤ ጉዞው በሚተረክበት ዓመት በሕይወት ለነበሩት ለሮሙ ፓፓ ለቦኒፋስዮስ 8ኛ ሲኦል ውስጥ ቦታ አዘጋጅቶላቸዋል። እርሱ ግን ከዚያ ወጥቶ ተራራውን ወጥቷል። እኛ ቁጣውን ወስደን ጉብጠቱን ለእርሱ ተውንለት።

ከዲያቆኖቻችን አንዱ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ መንጻት ተራራ አታስተምርምና ይህን ክፍል ብንዘለውስ ብሎ ነበር። ጥያቄው የተገባ ነው፤ እኔም የማንንም ትምህርት ለማስገባት አልቆምሁም። ነገር ግን ተራራው ላይ የሚደረገውን ተመልከቱ፤ መዝሙር ይዘመራል፣ ይለቀሳል፣ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል። በ11ኛው ካንቶ ትዕቢተኞቹ የጸሎቱ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ፣ ይህን የምንለምነው ለራሳችን አይደለም፣ ከኋላችን ለቀሩት ነው ይላሉ። ከሞት በኋላ እንዲህ አይደረግም የሚል ሰው ከሞት በፊት ቢያደርገው ማን ይከለክለዋል?

አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ታዝኑብኛላችሁ። በሲኦል የመጨረሻ ካንቶ ሰይጣን ሦስት ፊት አለው፤ የአንደኛውን መልክ ዳንቴ ዓባይ ቁልቁል ከሚወርድበት አገር ሰዎች መልክ ጋር ያመሳስለዋል። ያን ዕለት አንዲት እህታችን መጽሐፉን ዘግታ ወጣች። አልፈርድባትም፤ ለዚያ ስንኝም ጠበቃ አልቆምም። ከብዙ ወራት በኋላ ደግሞ የገነት 19ኛ ካንቶ ደረስን፤ ብዙዎች «ክርስቶስ፣ ክርስቶስ» እያሉ ይጮኻሉ፣ በፍርድ ቀን ግን ክርስቶስን ካላወቀው ሰው ይልቅ ከእርሱ የራቁ ይሆናሉ፣ እንዲህ ያሉትን ክርስቲያኖች ኢትዮጵያዊው ይፈርድባቸዋል ይላል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ያን ጊዜ አላጨበጨብሁም። ዳንቴ ኢትዮጵያዊውን የጠራው ክርስቶስን ላልሰማ ሰው ምሳሌ አድርጎ ነው፤ ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ ከ900 ዓመት በላይ እንዳለፈ ያወቀ አይመስልም። ስለዚህ በዚያ ስንኝ ያለው ፈራጅ ኢትዮጵያዊ እኛ አይደለንም። እኛ ከፍ ብሎ ባለው ስንኝ ውስጥ ነን፤ «ክርስቶስ፣ ክርስቶስ» ከሚሉት ጋር።

ስለ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ የፍጥረታት መዝሙርና ስለ ያኮፖኔ ዳ ቶዲም እንድናገር ተጠይቄ ነበር፤ ሰዓቱ ሄዷል። ያኮፖኔን፣ እርሱም በዚያው በቦኒፋስዮስ የታሰረ መነኩሴ ነው፣ እመቤታችን በመስቀሉ ሥር የምታለቅስበትን ግጥሙን በሰሙነ ሕማማት እናነበዋለን።

ስለ አነባበባችን አንድ ነገር ብቻ። በተራራው ላይ ፀሐይ ከገባች በኋላ አንዲት እርምጃ መውጣት አይቻልም፤ እዚያ የሚያገኙት ባለቅኔ ሶርዴሎ መሬቱን በጣቱ አስምሮ ይህችን መስመር እንኳ አታልፋትም ይላል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ካንቶ ይበቃናል።

ከመጪው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ጀምሮ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሲኦልን ዘለን ከፑርጋቶሪዮ አሥረኛው ካንቶ እንጀምራለን። አርባ ወንበር አልዘረጋም፤ ሲጎድል እንጨምራለን። እኔ ሰማያዊ ደብተሬን ይዤ እመጣለሁ። የደላላውን ስም ባለፈው ዓመት ሰርዤዋለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ግን ገና በረዶው ውስጥ ናት።

አመሰግናችኋለሁ።