«ለማናገር ስንት ነጥብ አለው?»

እሺ፣ ዝናቡ ጀምሯል። የቆርቆሮ ጣሪያዬን ጩኸት ታውቁታላችሁ፤ ጅማ ናት፣ ቻሉት።

ስለ ካርቶኗ ነው የማወራው። አዎ፣ ስለዚያችው ማዋለድ የማስተምርበት ጨዋታ ስላለባት ካርቶን። ካርዶቹ፣ አሻንጉሊቱ፣ የስልኩ ሰዓት። ሐሙስ ዕለት ከነርሲንግ ተማሪዎች ጋር ተጫወትን። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ተራው የአንዲት ልጅ ነበር። ጓደኛዋ እናት ሆና ተኝታለች። ሕፃኑ ወጣ፣ ሰዓቱ ተጫነ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ሆዷን መዳሰስ፣ ሁለተኛ ሕፃን አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ ማህፀኑን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ ጡንቻ ላይ፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ። ልጅቷ መርፌውን እንደያዘች ጎንበስ አለች። በአፋን ኦሮሞ፣ ረጋ ብላ፣ «ልጅሽ ደህና ነው። ደም እንዳይፈስሽ ጭንሽ ላይ መርፌ ልወጋሽ ነው፣ እሺ?» አለቻት። ጓደኛዋም ትወናውን ረስታ ከልቧ «እሺ» አለች። ሰዓቱ ጮኸ። ቡድኗ ነጥብ አጣ፣ ያኛው ቡድን አጨበጨበ። እሷ ወደ እኔ ዞራ «ለማናገር ስንት ነጥብ አለው?» አለችኝ።

ካርዱ ላይ የለም።

ደቂቃዋ እኮ እንዲሁ የመጣች አይደለችም። በመውለጃዋ ሰሞን ወደ ማህፀን በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ይሄዳል። ማህፀኑ ካልተኮማተረ በቃ፣ ይፈሳል። 500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ አደጋ ነው ብለን እናስተምራለን። በዓይን ደግሞ አይገመትም። ደም ይምሰል ብዬ ከርከዴ አፍልቼ ጨርቅ ላይ ያፈሰስኩ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ሁሉም አሳንሰው ገመቱ! ጨርቁ ይመጠዋል፣ ትንሽ ይመስላል። ለዚህ ነው ጨዋታውን የምወደው። ክፍል ውስጥ «በ1 ደቂቃ ውስጥ» ብላቸው ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል፤ እጃቸው ግን አይለምደውም። ሲጫወቱ ይለምደዋል።

ግን ያቺ ልጅ... ፈቃድ መጠየቅም እኮ ሙያው ነው። ማዋለጃ ክፍል ገብቶ «ዝም በይ! ግፊ!» ሲባል የሰማ ሰው ያውቀዋል። ቤቴ ልውለድ የምትል እናት ሁሉ መድኃኒት ጠልታ ይመስላችኋል? ስድቡን ፈርታ እኮ ነው! ... ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ አለ።

ምናልባት መልሱ ቀደም ብሎ መንገር ነው። ምጥ ላይ እያለች፣ ገና ሰዓት እያለ፣ «ስትወልጂ ወዲያው መርፌ አለ» ማለት። ያኔ ደቂቃዋም አትባክንም። ጨዋታው ግን ሕፃኑ ሲወጣ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በፊት ያለው ያ ሁሉ የምጥ ሰዓት ውስጡ የለም። እሱን ልጨምር ብል ደግሞ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ነው።

ወይ ለማናገርም ነጥብ ልስጥ? 5 ነጥብ ብል ሁሉም «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ሊሮጡ ነው፣ ፊቷን እንኳን ሳያዩ። እንደዛ አልፈልግም። ግን ለነጥብ ብሎም ቢሆን አፉ የለመደ ሰው፣ ሌሊት ደክሞት ተረኛ ሲሆን ሊወጣለት ይችል ይሆን? እኔ እንጃ። ቅዳሜ ሌላው ቡድን ይመጣል፤ ካርዱን እስከዚያ መጻፍ አለብኝ፣ ወይም ደግሞ ሰዓቱን...