የጉር ውሃ፣ ጭላዳና «የፖርቱጋል ድልድይ»

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ወደ ሰላሌ ነን፤ ደብረ ሊባኖስ። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ወደ ቀኝ ገባ ስትሉ ጉር የምትባል ትንሽ ወንዝ አለች። ሜዳውን ዝም ብላ ታቋርጥና ገደሉ አፍ ስትደርስ ትወረወራለች፤ ውሃዋም በጀማ ወንዝ በኩል አባይ ይገባል።

ጭላዳ ዝንጀሮ ማየት ከፈለጋችሁ ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ውጡ። ጭላዳ የሚያድረው ነብርና ጅብ የማይደርስበት ገደል ላይ ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ሲመሽ ይወርዳል። ዳቦ አትስጡት። አንዴ የለመደ ጭላዳ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ቦርሳ ይነጥቃል፤ የዱር አራዊት ግን ጥፋተኛ አይባልም፣ ጥፋቱ የሰጪው ነው።

ጥንብ አንሳ ደግሞ አርፋጅ ነው። ያንን ከባድ ገላ በክንፍ ማርገብገብ ብቻ ይዞ መዋል ስለሚያደክመው፣ ዐለቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪነሳ ይጠብቃል። ከ3 ሰዓት በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ከቆማችሁ አንዳንዴ ከእግራችሁ በታች ሲንሳፈፍ ጀርባውን ታያላችሁ። ከጠርዙ ግን ራቅ በሉ፤ ጉር የምታረጥበው ጥቁር ድንጋይ የድንጋይ ሽበት አብቅሎ ያንሸራትታል። በነሐሴ ጉም ገደሉን ይሸፍነዋል፣ በመጋቢት ፏፏቴው ክር ያህላል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ይሻላል።

አሁን ጉር ላይ ያለው ድልድይ። ሰው ሁሉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል፣ ፎቶውንም የመካከለኛው ዘመን ቅርስ ብሎ ይለጥፋል። ያሠሩት ግን የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው፤ ጊዜውም 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ተለውሶ ነው የሚባለውን ግን ወድጄዋለሁ።

ታዲያ የጥንቱ የት አለ? አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ሲመሠርቱ ስሙ ደብረ አስቦ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። የዚያ ዘመን ሕንፃ በ1523 ዓ.ም. በግራኝ ሠራዊት ተቃጠለ። ጭላዳን ከጅብ የሚያድነው ገደል መነኮሳቱን አላዳነም፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ሲያስጨፈጭፋቸውም እንዲሁ። ዛሬ የምታዩት ባለ ጉልላቱ ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም መስታወት ሳታዩ አትውጡ።

ስለዚህ መካከለኛውን ዘመን የሚፈልግ ሰው ድልድዩን አይቶ አይመለስ። ከገዳሙ በላይ፣ ጥድና ወይራው ውስጥ፣ ጻድቁ የጸለዩበት ዋሻ አለ። ጣሪያው ጸበል ያንጠባጥባል። ጫማ ስለሚወልቅና መሬቱ እርጥብ ስለሆነ ትርፍ ካልሲ ያዙ፤ ነጠላም አትርሱ።