ፈተና ላይ የማይመጣው እንግሊዝኛ

[ምስል፦ የ12ኛ ክፍል። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታለች።]

"ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?"

እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ብዙ ጊዜ የምትነሳው የማዳመጥ ወይም የመጻፍ ትምህርት ሲጀመር ነው። እውነተኛው መልስ ደግሞ "አይመጣም" ነው።

[ምስል፦ የመማሪያ መጽሐፍ ገጾች።]

መጽሐፉን ክፈቱት። ማዳመጥ አለ፤ መናገር አለ፤ ማንበብ፣ ቃላት፣ ሰዋስው፣ መጻፍም አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ማትሪክ የምንለው፣ ግን ምርጫ ነው። ተማሪው አንዲት አንቀጽ እንኳ አይጽፍም። ስለ መናገር ቢጠየቅ በወረቀት ላይ ያለ ጭውውት ይሰጠውና የጎደለውን ይመርጣል።

የማዳመጥ ክፍለ ጊዜውን እንይ። ምንባቡ ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው። መምህሩ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ተማሪው ሰምቶ ይመልሳል። መብራት አይፈልግ፣ ኢንተርኔት አይፈልግ። ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚዘለለው እሱ ነው። በምትኩ የድሮ ፈተናዎች ይሠራሉ። ጎበዟ ተማሪ "ኢፍ አይ ዌር" የሚለውን እንዳየች መልሱን ታጠቁራለች። ስለ ሰፈርሽ አምስት መስመር ጻፊ ስትባል ግን እስክሪብቶዋ ይቆማል። ለዓመታት የተለማመደችው ሌላ ሰው ከጻፈው ውስጥ መምረጥን ነዋ!

[ምስል፦ ቁጥሮች በሰሌዳ ላይ።]

በመምህሩ አልፈርድም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፤ በ2016 5.4፤ በ2017 8.4። ይህ ሁሉ ልጅ በወደቀበት አገር ወላጅም ርዕሰ መምህርም የሚጠይቁት "ስንት አለፈ?" ብለው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነገር ነው። በእኛ አገር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናቸውም እንደዚያው። ሲያስረዱት ሰምቶ መረዳት ያልለመደ ልጅ የሚጎዳው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ነጥብ ፍለጋ የዘለልነው ማዳመጥ በሌላ በኩል ነጥብ ያሳጣናል።

"እንግዲያውስ ፈተናውን መቀየር ነው" ትሉ ይሆናል። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሞክራዋለች። አዲስ መጽሐፍ፣ አብሮት የሚሄድ አዲስ የእንግሊዝኛ ፈተና። ዳያን ዎል እና ቻርልስ አልደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ክፍል ድረስ ገብተው ተከታተሉ። በ1993 ያሳተሙት ውጤት እንዳሳየው፣ ፈተናው መምህራን ምን እንደሚያስተምሩ ለውጧል፤ እንዴት እንደሚያስተምሩ ግን እምብዛም አልለወጠም። ፈተና ብቻውን ማስተማሪያ ዘዴ አያመጣም። ሥልጠና ይፈልጋል፣ በአንድ ክፍል የሚቀመጠው የተማሪ ቁጥርም መቀነስ አለበት። በዚያ ላይ የመቶ ሺዎችን ጽሑፍ ማረም ራሱ ቀላል አይደለም።

[ምስል፦ ሁለት ተማሪዎች ደብተር ሲለዋወጡ።]

እስከዚያው በዚያው በድሮ ፈተና መጀመር ይቻላል። ተማሪዋ "ሲ" ብላ መልሳለች እንበል። "ለምን ሲ ሆነ? ለጎንሽ ልጅ በእንግሊዝኛ አስረጂው።" ታስረዳለች፣ እሱ ይሰማል። ከዚያ የሰማውን በሁለት መስመር ይጽፋል። አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው።