ሲግናል 5፦ ሩቅ ያለን ፕሮግራም ማቆም

[ስክሪን፦ ጥቁር ተርሚናል። አንድ መስመር ብቻ ይታያል፦ «ፕሮሰሱ ሞቷል፤ ሲግናል 5»።]

ይቺን መስመር ያየኋት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ። ፕሮሰስ ማለት እየሮጠ ያለ ፕሮግራም ነው፤ ሲግናል ደግሞ ለእሱ የሚላክ አጭር መልእክት።

አንድ ቦታ የሚሠራ ፕሮግራም ነበር፤ አልፎ አልፎ ይንቀራፈፋል። ምን እንደነካው ለማየት ከቤቴ ሆኜ በዲበገር፣ ፕሮግራምን እያስቆሙ ውስጡን በሚያዩበት መሣሪያ፣ ገባሁበት። አልፎ አልፎ ብቻ በሚጠራ አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም የፕሮግራሙ ክፍል፣ ላይ ብሬክፖይንት አደረግሁ፤ ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ እንዲቆም የሚያደርግ ምልክት ነው። ፕሮግራሙን ለቀቅኩትና መጠበቅ ጀመርኩ። ምንም የለም። እንቅልፌ መጣ። በዚያ ላይ ኔትወርኩ ተንቀራፈፈና ዲበገሩ አልታዘዝ አለኝ። በሌላ መስኮት ወደ ማሽኑ ገባሁ፣ እዚያ ያለውን የዲበገሩን ወኪል ወዲያው በሚገድለው ትዕዛዝ፣ በኪል 9፣ ገደልኩት፣ ላፕቶፔን ዘጋሁ።

ትንሽ ቆይቶ ፕሮግራሙ ሞተ።

ፕሮግራሙ ያን ሌሊት ምንም አላጠፋም። የገደልኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደገደልኩት ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ዲበገር አንድን ፕሮግራም ከሩቅ ሆኖ እንዴት እንደሚያቆም ማየት አለብን።

[ስክሪን፦ በግራ ላፕቶፕ፣ በቀኝ ትንሽ ግራጫ ሣጥን፣ በመሀል ገመድ።]

ሁለት ማሽን አለን። ላፕቶፑ ላይ ጂዲቢ አለ። ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 እ.ኤ.አ. የጻፈው ዲበገር ነው፤ ከብዙዎቻችን በዕድሜ ይበልጣል። ሣጥኑ ላይ ደግሞ ጂዲቢሰርቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ወኪል ያልኩት እሱን ነው።

ለምን ሁለት ሆኑ? ጂዲቢ ከባድ ነው። የፋንክሽን ስም፣ የመስመር ቁጥር፣ ሶርስ ኮድ ይፈልጋል። ሣጥኑ ይህን ሁሉ ላይችል ይችላል። ስለዚህ እውቀቱ ላፕቶፑ ጋ ይቀራል። ጂዲቢሰርቨር መስመር 42 ምን እንደሆነ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አድራሻና ባይት ብቻ ነው።

ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። ጂዲቢ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ ነው፤ «ወራጅ አለ!» ይላል። ጂዲቢሰርቨር ረዳቱ ነው፤ ሰምቶ ጣራውን መታ መታ ያደርጋል። ፍሬኑ ያለው ግን ሹፌሩ እግር ሥር ነው። ሹፌሩ የሊኑክስ ከርነል ነው፤ ማሽኑን በበላይነት የሚያዘው የስርዓተ ክወናው እምብርት።

[ስክሪን፦ የዶላር ምልክት፣ ትንሿ የላቲን ፊደል ጂ፣ የሀሽ ምልክት፣ 67።]

ተሳፋሪውና ረዳቱ የሚነጋገሩት እንዲህ ነው። ዶላሩ «ጀመርኩ» ነው። ጂ «ሬጅስተሮቹን በሙሉ ላክልኝ» ማለት ናት፤ ሬጅስተር ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለች ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ ናት። ሀሹ «ጨረስኩ»። 67 ማረጋገጫ ነው፤ የፊደሎቹ ቁጥር ተደምሮ፣ ለ256 ተካፍሎ የቀረው፣ በሄክስ፣ ማለትም በ16 መሠረት አቆጣጠር፣ የተጻፈ። እዚህ ያለችው አንዲት ፊደል ናት። የጂ ቁጥር 103 ነው። 103 በሄክስ 67። አለቀ።

ይህ መልእክት፣ ፓኬቱ፣ በደህና ከደረሰ ረዳቱ የመደመር ምልክት ይመልሳል። ከተበላሸ የመቀነስ ምልክት ይመልሳል፣ ጂዲቢም ይደግመዋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ገመዱ አንዳንዴ ፊደል ይበላ ከነበረበት ከሲሪያል ኬብል ዘመን የቀረ ነው።

ከዚህ ሥርዓት የምታፈነግጥ አንዲት ነገር አለች። ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ ኮንትሮል ሲ ከተጫናችሁ፣ ጂዲቢ ዶላርም ሀሽም የሌላት አንድ ባይት ይልካል፤ ቁጥሯ 3። ጩኸት በሏት።

አሁን ወደ ሹፌሩ እንሂድ።

[ስክሪን፦ ሣጥኑ ይከፈታል። ውስጡ አምስት ክሮች ይሮጣሉ።]

ረዳቱ ከርነሉን የሚያናግረው ፒትሬስ በሚባል ሲስተም ኮል ነው፤ ሲስተም ኮል ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበት ጥሪ ነው። የሌላ ፕሮሰስ ሜሞሪ ማንበብ፣ ሬጅስተር መቀየር፣ አንድ እርምጃ ማስኬድ፣ መልቀቅ፣ ሁሉም በዚህ በር ያልፋል። በሩ ለማንም አይከፈትም። ኡቡንቱ ላይ የራሳችሁን ፕሮሰስ እንኳ ከውጭ ልትይዙ ስትሞክሩ «አልተፈቀደም» ሊላችሁ ይችላል፤ ያማ የሚባለው የከርነል ጥበቃ ነው። ደግሞ አንድ ትሬድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሮጡት ክሮች አንዱ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ያዥ ብቻ ነው የሚኖረው። ኤስትሬስ የሚባለው ሌላ መከታተያ ቀድሞ ከያዘው ጂዲቢ ይመለሳል።

እስካሁን «ፕሮሰስ» እያልኩ ነበር። ትንሽ ዋሽቻችኋለሁ። ፒትሬስ የሚይዘው ትሬድን ነው፣ አንድ በአንድ። አምስት ትሬድ ያለውን ፕሮግራም «ያዝልኝ» ብትሉት አንዱን ብቻ ይይዛል፤ አራቱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ስለዚህ ጂዲቢሰርቨር፣ ከርነሉ ስለ ፕሮሰሶች መረጃ በሚያሳይበት ፕሮክ በሚባል ማውጫ ሥር ወዳለው የፕሮሰሱ የትሬዶች ዝርዝር ይሄዳል። ያነባል፣ ይይዛል። ያነባል፣ ይይዛል። ችግሩ እሱ ሁለተኛውን ሲይዝ ገና ያልተያዘው አምስተኛው አዲስ ትሬድ ሊወልድ ይችላል። ዝርዝሩ ከእጁ ላይ ያረጃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዝርዝሩን ደጋግሞ ያነባል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አዲስ ፊት ካጣ «ጨረስኩ» ይላል። ሠርግ ቤት እንግዳ እንደሚቆጥር ሰው፤ በቆጠረ ቁጥር አንድ ይገባበታል።

ከዚያ በኋላ ለሚወለዱት ከርነሉ ራሱ ያግዛል። ቀድሞ ከተነገረው፣ አዲስ ትሬድ ገና ሲወለድ ተይዞና ቆሞ ነው የሚወለደው። ሆኖም ሁለት ዜና ይመጣል። አንዱ ከወላጁ ነው፦ «ወልጃለሁ»። ሌላው ከልጁ፦ «ቆሜያለሁ»። የትኛው እንደሚቀድም ዋስትና የለም። አንዳንዴ «ቆሜያለሁ» የሚል የማይታወቅ ቁጥር ይደርስና፣ ረዳቱ የማን ልጅ እንደሆነ እስኪያውቅ መዝግቦ ያቆየዋል።

[ስክሪን፦ ከአምስቱ ክሮች ሦስተኛው ይቀላል። አራቱ መሮጣቸውን ይቀጥላሉ።]

አሁን ትሬድ 3 ብሬክፖይንት መታ እንበል። ስክሪናችሁ ላይ ፕሮግራሙ በሙሉ ጸጥ ይላል። አስማት ይመስላል። ግን የቆመው ትሬድ 3 ብቻ ነው። የቀሩትን አራቱን የሚያቆማቸው ረዳቱ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ሲግስቶፕ የሚባለውን ሲግናል ይልካል፣ ከዚያም እያንዳንዳቸው «ቆምኩ» እስኪሉ ይጠብቃል።

መጠበቁ ነው ጣጣው። አንዱ ትሬድ ከርነል ውስጥ የዲስክ መልስ እየጠበቀ፣ በማይነካ እንቅልፍ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እስኪነቃ ሲግናሉ አይደርሰውም። ሌላው ደግሞ ሲግስቶፑ ከመድረሱ በፊት እሱም ብሬክፖይንት ሊመታ ይችላል። ያኔ ረዳቱ የሚሰማው የጠበቀውን «ቆምኩ» ሳይሆን ሌላ ዜና ነው። ዜናውን ኪሱ ይከታል፤ የላከው ሲግስቶፕም ገና በወረፋ እንዳለ ያስታውሳል፤ አለዚያ ትሬዱ በኋላ ያለምክንያት ይቆምበታል። ኪሱ ውስጥ ብዙ ዜና ካለ ለጂዲቢ የሚነግረውን በዕጣ ይመርጣል። አልቀልድም፣ በዕጣ ነው። ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ቢመርጥ አንድ ችኩል ትሬድ ሌሎቹን ተራ ያሳጣቸዋል።

ይህ ማቆም ደግሞ ዱካ ይተዋል። ኢፖል ዌይት በሚባል የመጠበቂያ ሲስተም ኮል ላይ ተኝቶ የነበረ ትሬድ ቆሞ ሲለቀቅ፣ «ተቋረጥኩ» የሚል ስህተት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ፕሮግራመሩ ለዚያ ካልተዘጋጀ፣ ዲበገር ሲገባ ብቻ የሚታይ ችግር ያያል። ከዚያ ችግሩን በዲበገር ይፈልገዋል።

[ስክሪን፦ የሜሞሪ ረድፍ፣ በሄክስ። አንዷ ባይት ትቀየራለች።]

ብሬክፖይንቱ ራሱስ ምንድን ነው? በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ አንዲት ባይት ናት። በሄክስ ሲሲ ትባላለች፤ በአስርዮሽ 204። ጂዲቢሰርቨር እናንተ ባላችሁት አድራሻ ያለውን የመጀመሪያ ባይት አንስቶ ያስቀምጥና በቦታው ሲሲን ይጽፋል። ፕሮሰሰሩ እዚያ ሲደርስ ከርነሉን ይጠራል፣ ከርነሉም ለትሬዱ ሲግትራፕ ይልካል። የሲግትራፕ ቁጥር 5 ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ለምን አንድ ባይት? ኢንቴል ላይ የመመሪያ ርዝመት ከ1 እስከ 15 ባይት ይደርሳል። ብሬክፖይንቷ ከአጭሩ መመሪያ ከበለጠች የጎረቤቱን ታበላሻለች። 64 ቢት አርም ላይ ሁሉም መመሪያ 4 ባይት ስለሆነ ይህ ራስ ምታት የለም።

ቀጣዩ ጥያቄ፦ ከቆምን በኋላ እንዴት እናልፋለን? ሲሲ እዚያ ናት። «ቀጥል» ብንል እንደገና ሲሲ ነው። ስለዚህ ረዳቱ ሲሲን ያነሳል፣ ዋናውን ባይት ይመልሳል፣ ትሬዱን አንድ መመሪያ ብቻ ያስኬዳል፣ ሲሲን መልሶ ያኖራል።

አንድ ትሬድ ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ አበቃን ነበር። አምስት ሲሆኑ ግን ሲሲ በተነሳችበት ቅጽበት ሌላው ትሬድ እዚያው ቦታ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። በሩ ክፍት ነው፣ ዘበኛው የለም። ለዚህ ነው አንዱ እርምጃውን እስኪጨርስ ሌሎቹ ቆመው የሚጠብቁት። ጂዲቢ ሌላም ብልሃት አለው፤ ዋናውን መመሪያ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ እዚያ ያስኬደዋል፣ ከዚያ ሬጅስተሮቹን ያስተካክላል። ሲሲ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ።

[ስክሪን፦ ትሬድ 2 ቁልፍ ይዞ ቆሟል። ትሬድ 3 በሩ ላይ ነው።]

ማስኬዱን የሚያዘው ፓኬት ቪኮንት ይባላል። ለእያንዳንዱ ትሬድ የተለየ ትዕዛዝ ይይዛል፦ «3ን አንድ እርምጃ፣ ሌሎቹን ልቀቅ»። በነባሪው ጂዲቢ ኔክስት፣ «ወደ ቀጣዩ መስመር ሂድ»፣ ስትሉ የሚሆነው እንዲህ ነው። እናንተ አንድ መስመር የሄዳችሁ ይመስላችኋል፤ ሌሎቹ አራቱ ግን ሲጋልቡ ነበር። ተለዋዋጩ «ራሱን ቀየረ» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ይህን ለመከልከል ስኬጁለር ሎኪንግ የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ካበራችሁት «ሌሎቹን ልቀቅ» የሚለው ከፓኬቱ ይወጣል፤ ያልተጠራ ባለበት ይቆያል። ጥሩ ይመስላል። አሁን ስክሪኑን እዩ። ትሬድ 3 ሙቴክስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚይዘውን ቁልፍ፣ ሊይዝ ነው። ሙቴክሱን የያዘው ትሬድ 2 ነው። ትሬድ 2 ቆሟል። ኔክስት ትላላችሁ። ከርሰሩ ብልጭ ይላል። ብልጭ ይላል። ማንም አይመጣም፤ ቁልፉን የያዘውን ያሰራችሁት እናንተው ናችሁ። ኮንትሮል ሲ፣ ሎኩን አጥፉ፣ ቀጥሉ።

ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከጂዲቢ 7.0 ወዲህ፣ ኖን ስቶፕ የሚባል ሁነታም አለ። ብሬክፖይንት የመታው ብቻ ይቆማል፣ ሌሎቹ ደንበኛ ማስተናገዳቸውን ይቀጥላሉ። ያን ሌሊት ልጠቀምበት ይገባኝ ነበር።

በነገራችን ላይ ጂዲቢሰርቨር የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ፖርቱን ያገኘ ሁሉ ያዝዘዋል። በተመሰጠረው የኤስኤስኤች ግንኙነት ቱቦ ውስጥ አሳልፉት፣ ለዓለም አትክፈቱት።

[ስክሪን፦ ወደ መጀመሪያው ጥቁር ተርሚናል እንመለሳለን።]

ወደዚያ ሌሊት እንመለስ። ፕሮግራሙ እየሮጠ ነው። ሲሲ በዚያች ብዙ በማትጠራው ፋንክሽን አናት ላይ ተቀምጣለች። እኔ ጂዲቢሰርቨርን በኪል 9 መታሁት። ኪል 9 ደግሞ «እቃዬን ልሰብስብ» አያስብልም። ረዳቱ ከታክሲው ተወረወረ። ከርነሉ ያዥ የሌላቸውን ትሬዶች ነፃ ለቀቃቸው። ጂዲቢሰርቨር ራሱ ያስጀመረው ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ አብሮት ወዲያው ይሞት ነበር፤ እኔ ግን ከውጭ ገብቼ ስለያዝኩት ተረፈ። ለጊዜው።

ሲሲን ያነሳት የለም። ዋናው ባይት የነበረው በጂዲቢሰርቨር ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥያቄ መጣ፣ አንድ ትሬድ ያችን ፋንክሽን ጠራ፣ ሲሲን ረገጠ። ከርነሉ እንደ ወትሮው ሲግናል 5ን ላከ። ድሮ ሲግናሉን የሚቀበል ያዥ ነበር። አሁን ማንም የለም። ያዥ የሌለው ሲግትራፕ ፕሮሰሱን በሙሉ ይገድላል።

ማድረግ የነበረብኝ ሻይ አፍልቼ ኔትወርኩ እስኪመለስ መጠበቅና ዲታች ብሎ መጻፍ ነበር። ዲታች ሲባል ሲሲዎቹ ይነሳሉ፣ ትሬዶቹ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ።

ጠዋት ሎጉን የከፈተው ባልደረባዬ ነው። «ሲግናል 5 ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ይህን ቪዲዮ መጀመሪያ የላክሁት ለእሱ ነው።