የሃይላንድ ዘይት

ይሄ ተክ ተክ የሚለው ሽሮ ነው። ይቅርታ፣ ማድ ቤት ነኝ። ትልቁ ልጄ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ስልኬን የበርበሬ ዕቃው ላይ አስደግፌዋለሁ፤ እያማሰልኩ ላወራችሁ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም።

ስለ አስቤዛ አውሪ ስትሉኝ ቆይታችኋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። እኛ ቤት አምስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እማዬ። ደሞዝ የሚገባው በአንድ ሰው ነው። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፤ የስፌቱ ሥራ ደግሞ አንድ ወር አለ፣ አንድ ወር የለም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህማ ዘይት እኛ ቤት የክብር እንግዳ ሆኗል።

አንድ ቀን ተናደድኩና ደብተር ያዝኩ። የትልቁ ልጄ የሒሳብ ደብተር፣ ከጀርባ በኩል። ለአንድ ወር የወጣውን ሁሉ ጻፍኩ። አምስት ብርም ብትሆን። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ እሱን ልይዘው ነበር ያሰብኩት። (ትስቃለች) የያዝኩት ራሴን ነው።

ምን ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ መሰላችሁ? ሥጋ። ሥጋ እኮ እኛ ቤት የሚገባው ለበዓል ነው፣ ያውም ቅርጫ ከደረሰን። ገንዘቡን የሚበላው "ሂድ እስቲ ሱቅ" የምትለዋ ነገር ነበረች። ማታ ማታ። ዘይት በብርጭቆ። ሽሮ ሩብ ኪሎ። ስኳር ሩብ ኪሎ። እንጀራ ሲያልቅ የተጋገረ እንጀራ ከሱቅ። የወሩን ዘይት ደምሬ በሊትር ሳሰላው ከባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን የሊትር ዋጋ በልጦ አገኘሁት። ያለው ሰው ጀሪካን ይገዛል፣ የሌለው በብርጭቆ ይገዛል፣ በሊትር ሲታሰብ ግን ብዙ የሚከፍለው የሌለው ነው። ባለሱቁን አልወቅሰውም። ወሩ ሲገባደድ በዱቤ የሚያበላን እሱ ነው።

"ታዲያ በብዛት ግዢዋ" ትሉኝ ይሆናል። በምን ገንዘብ?

እዚህ ላይ ነው ጎረቤቶቼ የገቡት። ሦስት ሴቶች ነን። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን። ዕቁብ አይደለም፣ ዕጣ የለውም። "የሽሮ ማኅበር" እንለዋለን። ሲሞላ አንዷ ልጆቹን ትጠብቃለች፣ ሁለታችን እህል ገበያ እንወርዳለን። ሽምብራ፣ አተር፣ ትንሽ ባቄላ። እማዬ ባቄላ አታብዙ ትላለች፣ ሽሮውን ያከብደዋል ነው የምትለው። ከዚያ መልቀም አለ፣ መቁላት አለ፣ መከካት አለ፣ ማንፈስ አለ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው ደርቆ ይገባል። ሁለት ቀን ሙሉ ወገብ ይቆርጣል፤ ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ጊዜ የሌላትን ሴት "ለምን ቤትሽ አታዘጋጂም" ማለት ደግሞ ነውር ነው።

መጀመሪያ ጊዜ ምን ሆንን መሰላችሁ? ነጭ ሽሮ ነበር የፈለግነው፣ ለእማዬ፣ ጨጓራዋን ስለሚያማት። ወፍጮ ቤት ስንደርስ ከፊታችን በርበሬ እየተፈጨ ነው። ተራ እንዳያልፈን ብለን ዝም አልን። ሽሮው ቀልቶ ወጣ! ለሁለት ወር እየተለበለብን በላነው። አሁን ወፍጮ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ከእኛ በፊት ምን ተፈጨ?" ነው።

ሽሮው ይዟል፣ እሳቱን ልቀንስ።

እሺ። እንጀራ። እኔ ያደግኩት ነጭ ጤፍ ያልሆነ እንጀራ ለእንግዳ አይቀርብም በሚባልበት ቤት ነው። ስለዚህ ጤፍ ሲወደድ መጀመሪያ የሞከርኩት ሩዝ መቀላቀል ነበር። ያምራል! ጋግራችሁ ስታወጡት ነጭ፣ ለስላሳ። በማግስቱ ግን ሲጠቀልሉት ይሰበራል። ልጆቼ በማንኪያ ይሻላል አሉኝ። አሁን ሰርገኛ ጤፍ ሁለት እጅ፣ ማሽላ አንድ እጅ ነው የማስፈጨው። ጠቆር ይላል፣ ግን ይጠቀለላል፣ ሆድም ይይዛል። ከሦስት ቀን የሚያልፈውን ሻጋታ ሳይቀድመኝ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ድርቆሽ ይሆናል። ማታ ማታ ሱቅ ከመሮጥ ያዳነኝ ድርቆሽ ነው። ሽንኩርት፣ ትንሽ በርበሬ፣ ፍርፍር፣ አለቀ።

አትክልት ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ከጉሊት አመሻሽ ላይ ነው የምገዛው፣ መደቡ ሲነሳ። ሴትየዋም ወደ ቤቷ መግባት ስለምትፈልግ ትመርቅልኛለች። ጎመንና ድንች ብዙ ጊዜ ከእሁድ ገበያ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልቆጥብም። ትልቁ ልጄ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ ቁርስና ምሳ እዚያ ይበላል፤ ይሄ ምን ያህል እንዳቀለለልን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ትንሿ ግን ገና ሁለት ዓመቷ ነው። የእሷን እንቁላል ከማንም ጋር አልደራደርም። ገንፎዋም ውኃ ብቻ አይደለም፤ ከገብሱ ጋር ሽምብራ አስፈጭቼበታለሁ፣ እህልና ጥራጥሬ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ምስር ስንበላ ደግሞ ሎሚ ጠብ አደርጋለሁ፣ ሻዩንም ከምግቡ አርቄዋለሁ። ሻይ የምግቡን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል፣ ሎሚው ያግዘዋል። ይሄን ጤና ጣቢያ ነው የነገሩኝ። እማዬ አልተቀበለችውም፣ ሻይዋን ከምሳዋ ጋር ትጠጣለች።

ስለ ጾም አንድ ነገር ልበል። ሃይማኖት ልሰብክ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይ ደግሞ በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ ባለ ቪላዋ ጎረቤቴም ሽሮ ነው የምትበላው፣ እኔም ሽሮ ነው የምበላው። ልጄ "ለምን እኛ ሥጋ የለንም?" አይለኝም። ጾም ገበናዬን ይሸፍንልኛል። የፋሲካ ማግስት ነው የምፈራው። ከግቢው ሁሉ የቁሌት ሽታ ሲመጣ፣ የእኛ በሁለተኛው ቀን ሲያልቅ። አምና ልጄ በር ላይ ቆሞ ያሸት ነበር። አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

(ዝም ትላለች)

እና ዘይቱ። የማኅበራችን ገንዘብ ሲጠራቀም ጀሪካን ገዛን፣ ተካፈልን። ድሌ መሰለኝ። ታውቃላችሁ ምን ሆነ? ከበፊቱ ቶሎ አለቀ! ብዙ ሲያዩት እጅ አያዝንም። ወጡ ላይ ገልበጥ፣ ፍርፍሩ ላይ ገልበጥ። ደብተሩ ይሄን አልነገረኝም ነበር። እማዬ ናት መፍትሔውን ያመጣችው። አራት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አጠበች፣ ዘይቱን እኩል ከፋፍላ ቀዳችባቸው፣ ሦስቱን አልጋዋ ሥር ከተተች። በሳምንት አንድ። ቁልፉ እሷ ናት። እኔ እንኳ ስለምናት "እሁድ" ትለኛለች፣ እንደ ሕፃን።

አሁን የዚህን ሳምንት ሃይላንድ ብርሃን ላይ አንስቼ እያየሁት ነው። ሁለት ጣት ያህል ቀርቷል። ዛሬ ረቡዕ ነው ብያችኋለሁ አይደል?

ሽሮው ላይ አልጨምርም እንግዲህ። በሩ ተንኳኳ፣ ልጄ መጣ።