ሁለት መስመር መኖሩና ሁለቱም መሥራታቸው
(በአዳማ ለኔትወርክ ባለሙያዎችና ለኮምፒውተር ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጣችሁ ሁሉ ከመነሻችሁ አንድ ነገር መወሰን ነበረባችሁ፤ በፈጣን መንገዱ እንምጣ ወይስ በደብረ ዘይትና በሞጆ በሚያልፈው ነባር መንገድ? ሁለቱም አዳማ ያደርሳሉ። በኔትወርክም አንድ መድረሻ ሁለት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ መንገድ ሲኖረው ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ሆኖም ፓኬት (መረጃ ተቆራርሶ የሚላክበት ትንሽ ጥቅል) የራሱ ሹፌር ስለሌለው የሚመርጥለት በመስመሮች መገናኛ ላይ ያለው መሣሪያ፣ ራውተሩ ነው፤ ራውተሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፓኬት ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ መወሰን ይኖርበታል።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ኢንተርኔቱ ተጨናነቀ ተብሎ ከነባሩ ጋር እኩል አቅም ያለው ሁለተኛ መስመር ተገዛ። ገንዘቡ ወጣ፣ ፋይበሩ ተዘረጋ፣ የሠራተኛው እሮሮ ግን አልቀነሰም። የሁለቱን መስመሮች ግራፍ ጎን ለጎን አድርገን ስናይ አንደኛው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሁለተኛው ባዶውን ይውል ነበር። የዚያን ቀን የተሰማኝ ቁጭት እስከ ዛሬ አለ፤ ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩትም መንገድ መጨመርና ጭነት ማከፋፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ለማስረዳት ነው።

ብዙ ተማሪዎች የሚጠይቁኝ፣ አንዱን ፓኬት ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ግራ እያልን በተራ ለምን አናካፍልም የሚል ነው። በቁጥር ረገድ ከዚህ የተስተካከለ ክፍፍል የለም። ነገር ግን የሁለቱ መንገዶች መዘግየት ፈጽሞ አንድ ስለማይሆን ኋላ የተላከው ፓኬት ቀድሞ ይደርሳል፤ ተቀባዩም የሚጠብቀውን ስላላገኘ ያንኑ የማረጋገጫ ምላሽ ደጋግሞ ይልካል፤ ሦስት ተደጋጋሚ ምላሽ የደረሰው የቲሲፒ (መረጃ ሳይጎድልና በቅደም ተከተል መድረሱን የሚቆጣጠረው ፕሮቶኮል) ላኪ ደግሞ ፓኬት የጠፋ መስሎት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ምንም ሳይጠፋ እንደጠፋ ይቆጠራል ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ራውተሮች በአብዛኛው የሚያከፋፍሉት ፓኬትን ሳይሆን ፍሰትን፣ ማለትም የአንድ ግንኙነት ፓኬቶችን በአንድነት ነው። የላኪው አይፒ አድራሻ፣ የተቀባዩ አይፒ አድራሻ፣ የፕሮቶኮሉ ዓይነትና ሁለቱ የፖርት ቁጥሮች (በየኮምፒውተሩ ያለውን ፕሮግራም የሚለዩት) ተወስደው በሃሽ ስሌት ወደ አንድ ቁጥር ይለወጣሉ፤ መንገዱን የሚወስነው ያ ቁጥር ነው። የአንድ ግንኙነት ፓኬቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሚያገኙ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም ይጠበቃል። የእኛ መሥሪያ ቤት ችግርም ከዚሁ የመነጨ ነበር። የቅርንጫፎቹ ትራፊክ በሙሉ በአንድ የቪፒኤን ዋሻ (ትራፊክን ጠቅልሎና መስጥሮ በሁለት አድራሻዎች መካከል በሚያሳልፍ ግንኙነት) ውስጥ ይጓዝ ስለነበር፣ ከውጭ ለሚያየው ራውተር የመቶ ሰው ሥራ አንድ ፍሰት ሆኖ ይታየው ነበር። ዋሻውን በተለያዩ አድራሻዎች ለሁለት ስንከፍለው፣ ሁለቱ አድራሻዎች በተለያየ መስመር መውደቃቸውን ካረጋገጥን በኋላ፣ ሁለተኛው መስመር ሥራ ጀመረ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ሃሽ የሚያካፍለው በዕድል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አራት እኩል መስመሮችና አራት ትልልቅ ፍሰቶች አሉ እንበል። አራቱ ፍሰቶች መስመሮቹን ሊይዙ የሚችሉባቸው መንገዶች 256 ናቸው፤ እያንዳንዱ ፍሰት ለብቻው አንድ መስመር የሚያገኝባቸው ግን 24 ብቻ ናቸው። ይህ ከመቶ 10 እንኳ አይሞላም። በሌላው ጊዜ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ፍሰቶች አንድ መስመር ላይ ሲጋፉ ቢያንስ አንድ መስመር ባዶ ይቀመጣል። ፍሰቶቹ በሺህ የሚቆጠሩና ትንንሽ ሲሆኑ ዕድሉ ራሱን ያስተካክላል፤ ጥቂትና ግዙፍ ሲሆኑ ግን፣ ለምሳሌ በሌሊት ባክአፕ ጊዜ፣ ሃሽን ብቻ ማመን አይበቃም።

የመስመሮቹ አቅም ሲለያይ ደግሞ እኩል ማካፈል ራሱ ጥፋት ይሆናል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከሚይዝ ፋይበር ጎን 20 ሜጋቢት የሚይዝ የማይክሮዌቭ (የሬዲዮ) መስመር ቢኖርና ትራፊኩን ግማሽ በግማሽ ብናካፍል፣ በድምሩ 40 ሜጋቢት ላይ ስንደርስ ማይክሮዌቩ ይሞላል፤ የፋይበሩ 80 ሜጋቢት ግን ሥራ ፈቶ ይቀራል። ስለዚህ ክፍፍሉ አምስት ለአንድ መሆን አለበት።

ታዲያ ራውተሩ መጨናነቁን እያየ መንገድ ቢለዋውጥስ? የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት እ.ኤ.አ. በ1979 መንገድን በሚለካው መዘግየት መምረጥ ጀምሮ ነበር። ጭነት ሲበዛ ግን፣ ፈጣን መንገዱ ክፍት ነው የሚል ወሬ የሰሙ ሹፌሮች ሁሉ አንድ ላይ ወደዚያ እንደሚጎርፉ፣ ትራፊኩ ክፍት ወደታየው መስመር ይጎርፍና ያጨናንቀዋል፤ ከዚያም መልሶ ወደተወው ይጎርፋል። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ1987 የተሻሻለው ይህን መዋዠቅ ለማርገብ ነው። በዘመናችን የተሻለ ሆኖ የማየው ውሳኔውን ለላኪውና ለተቀባዩ የሚተወውን መልቲፓዝ ቲሲፒን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በሙከራ ደረጃ ወጥቶ በ2020 የተሻሻለ ሲሆን፣ አንዱን ግንኙነት በብዙ መንገድ እያስኬደ ቅደም ተከተሉን መድረሻው ላይ ይሰበስባል። ነገር ግን ሁለቱም ወገን ካልደገፉት አይሠራም።

ወደየሥራ ቦታችሁ ስትመለሱ አዲስ መስመር ይገዛልን የሚል ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት፣ የየመስመሩን ግራፍ በድምር ሳይሆን ለየብቻ አውጥታችሁ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እንድትመለከቱ አደራ እላለሁ። ተማሪዎች ደግሞ ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራው በሁለት መስመር ላይ አራት ትልልቅ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ላኩ፤ የፖርት ቁጥሮቹን እየቀያየራችሁ አሥር ጊዜ ድገሙት፤ ስንት ጊዜ ሁለት ለሁለት እንደተካፈሉ መዝግባችሁ አምጡልኝ።

አመሰግናለሁ።