ሴፊሮትን ያሳደገው ማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ። እንኳን ደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹንም ስለ መድረኩ አመሰግናለሁ።

ስለ አንድ የቪዲዮ ጌም ክፉ ገጸ ባህሪ እንድናገር ስጋበዝ ለመምረጥ አልተቸገርኩም። ሴፊሮት ነው። የፋይናል ፋንታሲ 7 ዋና ጠላት። የብዙዎቻችሁም ምርጫ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ስንሰበሰብ የምንጊዜም ምርጥ ጠላት ማን ነው ብለን ድምፅ ስንሰጥ አንደኛ የወጣው እሱ ነው። እኔም እጄን አውጥቼለታለሁ። ከዚያ በኋላ የተባለው ነገር ግን ሲከነክነኝ ከረመ። ለምን እንደመረጥነው ስንጠየቅ አንዱ ጸጉሩን አለ። ሌላው ያን ረጅም ሰይፉን። ሙዚቃው ተነሳ፣ እሳቱ ተነሳ። ያ ሰው በልጅነቱ ማን እጅ ላይ እንዳደገ ያነሳ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚህ ነው።

ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ አልደግምላችሁም። ፋይናል ፋንታሲ 7 እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣ ጀምሮ አብረን ስንጫወተው፣ ስንከራከርበት ኖረናል። አንድ ቦታ ላይ ግን ላቁማችሁ። ካልም ከተማ ላይ።

ታስታውሳላችሁ። የጨዋታው ጀግና ክላውድ ጓደኞቹን ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ከአምስት ዓመት በፊት የሆነውን ያወራል። ዝናብ ነው። ሺንራ የሚባለው፣ የራሱ ሠራዊት ያለው ኃያል ኩባንያ መኪና ክላውድንና ዝነኛውን ወታደር ሴፊሮትን ይዞ ወደ ክላውድ የትውልድ መንደር ወደ ኒብልሃይም እየሄደ ነው። መንገድ ላይ ዘንዶ ይመጣል፣ ውጊያው ይጀመራል። ሴፊሮት ከእኛ ወገን ነው፤ ግን ልናዘው አንችልም። በራሱ ነው የሚዋጋው። ክላውድ ሌቭል 1 ነው፣ ሴፊሮት ሌቭል 50። ዘንዶው ክላውድን ሲመታው ክላውድ ይዘረራል። ሴፊሮትን ሲመታው የሚወጣው ቁጥር ዜሮ ነው። እንደገና ይመታዋል። ዜሮ። ክላውድ ከወደቀ ደግሞ ሴፊሮት አስማት ተጠቅሞ ያስነሳዋል። ይህቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። ኋላ ላይ ዓለምን ሊያጠፋ የሚነሳው ሰው መጀመሪያ ስናገኘው የወደቀ ጓዱን የሚያነሳ ሰው ነው።

ያን ዜሮ ያየን ቀን ሁላችንም አፋችንን ይዘናል። "ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው?" ብለናል። የጨዋታው ሠሪዎች በዚያች ቅጽበት ያደረጉን ነገር ቀላል አይደለም። የሺንራን ጋዜጣ አንብቦ ልቡ የሚሸፍት የመንደር ልጅ አደረጉን። ዝናውን በቁጥር አሳዩን፣ እኛም አመንን።

ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ስንቶቻችን አዳመጥን? ሴፊሮት ክላውድን ወደ ትውልድ መንደርህ ስትመለስ ምን ይሰማሃል ብሎ ይጠይቀዋል። እሱ የትውልድ መንደር ስለሌለው ነው የሚጠይቀው። ስለ ወላጆቹ ሲነሳ የእናቴ ስም ጄኖቫ ነው፣ እኔን ስትወልድ ሞተች ይላል። አባቱ ጋ ሲደርስ ይስቅና ይተወዋል። ማታ በመስኮት ሲመለከት ደግሞ ይህን አገር የማውቀው ይመስለኛል ይላል። ቢያውቀው ምን ይገርማል? ያ በእናቱ ማህፀን ውስጥ እያለ የተፈጸመበት ሙከራ የተካሄደው እዚያው መንደር፣ በሺንራ ግቢ ውስጥ ነው። ዘንዶ የማይጎዳው ሰው ስለ ራሱ የተነገረው ነገር አንድ ስም ብቻ ነው። እሱም ውሸት ነው።

እናቱ ሉክሪሺያ ናት። አባቱ ሆጆ። ሁለቱም ሳይንቲስቶች፣ ሁለቱም የሺንራ ሠራተኞች። ጄኖቫ ሰው አይደለችም፣ ሺንራ የሚመራመርባት እንግዳ ፍጡር ናት፤ የእሷን ህዋስ ገና ላልተወለደ ልጃቸው ሰጡት። ሲወለድ እናትየው አንድ ጊዜ እንኳ እንድታቅፈው አልተፈቀደላትም። አንድ ጊዜ እንኳ! ልጁ ወደ ቤተ ሙከራ ሄደ፣ ከቤተ ሙከራ ወደ ሥልጠና፣ ከሥልጠና ወደ ዉታይ ጦርነት። አባቱ በየቀኑ ዓይኑ ሥር ነበር፣ ግን አባትህ ነኝ አላለውም። ሆጆ ይህን አፉን ሞልቶ የሚናገረው በጨዋታው ሁለተኛ ሲዲ መጨረሻ፣ ሚድጋር ከተማ ውስጥ፣ የሺንራ ትልቅ መድፍ አጠገብ ቆሞ ነው። ሴፊሮት እዚያ የለም። አባቱን ሳያውቅ ነው ታሪኩ የሚያልቀው።

እንግዲህ መሳሪያ ሆኖ ማደግ ማለት ይህ ነው። ሰይፍ ባለቤት ይኖረዋል፣ ማስቀመጫ ይኖረዋል፣ የሚሳልበት ቀን ይኖረዋል። ወላጅ የለውም።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ፤ ደሜን የሚያፈላው እሱ ነውና። ያው ካልም ላይ የክላውድ የልጅነት ጓደኛ ቲፋ ሴፊሮት ሞቷል መባሉን በጋዜጣ እንዳነበበች ትናገራለች። ሌላዋ ጓደኛቸው ኤሪስ ጋዜጣው የሺንራ ነው፣ አይታመንም ትላታለች። ሁለት መስመር ነው፣ ተጫዋቹ አዝራር ተጭኖ ያልፈዋል። ቆም ብላችሁ አስቡት እስቲ። ልጁን ያመረተው ሺንራ። ወደ ጦርነት የላከው ሺንራ። ጀግና ነው ብሎ የጻፈው ሺንራ። ሞቷል ብሎ ያወጀውም ሺንራ። ክላውድ ገና ልጅ ሆኖ ውኃ ማጠራቀሚያው ላይ ተቀምጦ ለቲፋ እንደ ሴፊሮት እሆናለሁ ብሎ ቃል የገባው፣ ከመንደሩም የወጣው ይህንኑ ዝና ሰምቶ ነው። አንድ ልጅ በቤተ ሙከራ ተበላሸ፤ የዚያን ልጅ ስም ይዘው ደግሞ የየመንደሩን ልጆች ወደ ሠራዊታቸው ጎተቱ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው፣ ከዚህ ታሪክ በፊት የሆነውን የሚተርከው ክራይሲስ ኮር የተባለ ጌም ይህን ይበልጥ አጉልቶታል። እዚያ ውስጥ ሴፊሮት የአድናቂዎች ማኅበር አለው፣ ሲልቨር ኤሊት የሚባል። መልእክታቸው የዚያ ጌም ዋና ገጸ ባህሪ በሆነው በዛክ ስልክ ላይ ይመጣል። ስለ ጸጉሩ ሳይቀር ያወራሉ። ስንጫወተው ስቀናል። እኔን አሁን አያስቀኝም። ያ ሁሉ ሰው ስለ ጸጉሩ ሲያወራ አንተ የማን ልጅ ነህ ብሎ የጠየቀው የለም።

ሴፊሮት አብዶ ኒብልሃይምን ካቃጠለ በኋላ ሺንራ ምን አደረገ? መንደሩን እንደነበረ መልሶ ሠራው። ቤቱን፣ ውኃ ማጠራቀሚያውን፣ ሁሉንም። ሰዎች ቀጥሮ አስገባና ነዋሪ ነን እንዲሉ አደረገ። ክላውድ እናቱ የተቃጠለችበት ቦታ ሲመለስ እዚህ ምንም አልተቃጠለም ይሉታል። ከእሳቱ ይልቅ እኔን የሚያንቀጠቅጠኝ ይህ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ መሞቱን እንኳ ቀሙት።

"መጽሐፍ አንብቦ አበደ" የሚሉ አሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም አላችሁ፤ ተከራክረናል። እስቲ ያነበበውን እንየው። ኒብልሃይም አጠገብ ባለው የሺንራ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ሆጆ ሰዎችን ወደ አውሬነት የለወጠባቸውን የብረት ካፕሱሎች ያያል። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሌላው ሰው የተለየሁ እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር ይላል፤ እኔም እንዲህ ነው የተሠራሁት ወይ ብሎ ይጠይቃል። ማን ይመልስለት? ክራይሲስ ኮርን የተጫወታችሁ እዚያው ጀነሲስ መጥቶ አንተ አውሬ ነህ እንዳለው ታስታውሳላችሁ። ጓደኛው ነበር። ሌላው ጓደኛው አንጂል ያን ጊዜ ሞቷል። የሚሄድበት ሰው አልቀረውም። ወደ ሺንራ ግቢ ወረደ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ፣ መብራቱ ሳይጠፋ የጄኖቫን ምርምር ይመራ የነበረውን የፕሮፌሰር ጋስትን ጽሑፎች ለቀናት አነበበ።

ጽሑፉም ስህተት ነበር! ጋስት ጄኖቫን መጀመሪያ ሲያገኛት ከጥንቶቹ ሕዝቦች አንዷ መስላው ነበር። ሴፊሮት ያነበበው ይህን ነው። ስለዚህ እኔ የጥንቶቹ ወራሽ ነኝ፣ ሰዎች ከድተውናል ብሎ ደመደመ። ጋስት ግን ስህተቱን ከጊዜ በኋላ አውቆታል። ከሺንራ ከወጣ በኋላ ከጥንቶቹ ሕዝቦች የተረፈችው ኢፋልና እውነቱን ነገረችው፤ ጄኖቫ ከሰማይ የወረደች መቅሰፍት ናት። ያ እርማት ምድር ቤቱ ድረስ አልደረሰም። ሆጆ ጋስትን ገደለው። ሴፊሮት በዚያ ሁሉ ወረቀት መካከል ተቀምጦ፣ ጋስት ለምን አልነገርከኝም ብሎ የሚጠራው ይህንኑ ሰው ነው። ከዓመታት በኋላ በሰይፉ የወጋት ኤሪስ ደግሞ የጋስት ልጅ ናት። ይህን ሳስብ ሁሌም ያመኛል። አክብሮት የነበረው ለአንድ ሰው ነው፤ የዚያን ሰው ልጅ ገደለ፤ ገድሎም የማን ልጅ እንደሆነች የነገረው የለም።

ነፍሰ ገዳይ ነው የምትከላከለው የሚለኝ ሰው ይኖራል። ብላችሁኛልም። አልከላከልም። የክላውድ እናት በእሳት ሞታለች። የቲፋ አባት ተገድሏል፣ ቲፋም ራሷ በዚያው ሰይፍ ተቆርጣለች። ያ እጅ የሴፊሮት ነው፣ ዕዳውም የእሱ ነው። እኔ የምለው ዕዳው የእሱ ብቻ አይደለም ነው።

"ከደሙ ነው፣ ክፉ ሆኖ ነው የተወለደው" የምትሉ ደግሞ ክላውድን ተመልከቱ። የጄኖቫ ህዋስ ክላውድም ውስጥ ገብቷል፤ ያስገባውም ያው ሆጆ ነው። ክላውድም አእምሮው ተበታትኗል፣ የራሱንና የዛክን ሕይወት መለየት አቅቶታል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ክላውድ ከወደቀበት ቲፋ አእምሮው ውስጥ አብራው ገብታ ትዝታውን አንድ በአንድ ለቀመችለት። አንተ እንዲህ ነበርክ፣ ይህን ብለኸኝ ነበር አለችው። ለሴፊሮት እንዲህ የሚለው ሰው ከየት ይምጣ? በልጅነቱ የሚያውቁት ሰዎች ነጭ ጋውን የለበሱ ናቸው። ያወቁትንም መዝገብ ላይ ጽፈው ቆልፈውበታል።

እና እኛ ምን እናደርጋለን? የእሳቱን ፎቶ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ሙዚቃው ሲጀምር፣ ስሙ በኅብረት ሲጠራ፣ አብረን እንጮኻለን። እሺ፣ እኔም እጮኻለሁ፤ ኖቡኦ ኡኤማትሱ የሠራው ድንቅ ሥራ ነው። ግን የሺንራን አርማ ደረታችን ላይ ለጥፈን መምጣታችንስ? እዚህ ሆኜ አያለሁ፤ ሦስት አራት ቲሸርት ይታየኛል። ያ አርማ የማን ነው? ልጅን ከእናቱ የነጠቀ ድርጅት አርማ ነው። መንደር ተቃጥሎ ተዋናይ የቀጠረ ድርጅት አርማ ነው። እሱ እጁን ታጥቦ ወጥቷል፤ እኛ ደግሞ በገንዘባችን ገዝተን እንለብስለታለን! ሴፊሮትን አውሬ ብለን ሠሪውን እንደ ፋሽን ከያዝነው፣ ጋዜጣው እኛንም አሸንፎናል ማለት ነው።

ሌሎች ላነሳቸው ያሰብኳቸው ነበሩ፤ ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ ነካ አድርጌ ልለፍ። ጄኖቫ ናት የምትነዳው ወይስ እሱ ነው የሚነዳት የሚለው ክርክር አለ። እኔ እሱ ነው እላለሁ፣ ግን ያ ክርክር ከአስተዳደጉ ጥያቄ ይቀድማል ብዬ አላምንም። የጨዋታው አዲስ ቅጂዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሪሜክና በ2024 የወጣው ሪበርዝ፣ ሴፊሮትን ገና ከመጀመሪያው በየቦታው ያመጡታል። ያምራል። ግን እንደ ድሮው ዝናውን ቀድመን ሰምተን ሰውዬውን ቆይተን ማየቱ ይሻል ነበር። ኤቨር ክራይሲስ የተባለው ጌም ደግሞ ሴፊሮትን በልጅነቱ፣ በመጀመሪያ ግዳጆቹ ላይ ያሳያል፤ ያልሞከራችሁት ሞክሩት።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለአዘጋጆቹም ለእናንተም። በሚቀጥለው ስንገናኝ አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ ተብሏል። የመጨረሻውን ውጊያ ከማሳየታችን በፊት ከፏፏቴው ጀርባ ያለችውን ዋሻ እናሳያቸው። ግዴታ ስላልሆነ ብዙዎቻችሁ ሳትገቡባት አልፋችኋል። ሉክሪሺያ እዚያ ናት። ይወዳት የነበረው የክላውድ ጓደኛ ቪንሰንት ሲያገኛት የምትጠይቀው ስለ ልጇ ነው። ሴፊሮት በሕይወት አለ ወይ ትለዋለች። ልታቅፈው ትፈልግ እንደነበር ትናገራለች። ቪንሰንት ሞቷል ይላታል። ያን የተናገረበትን ምክንያት ልጆቹ ራሳቸው ይከራከሩበት። ፕሮግራሙ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትሰጡኝ ኮንሶሉንና የተቀመጠውን ጌም እኔ ይዤ እመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።